«ፎርማት» ከመጫናችሁ በፊት

(በፔታ ቲክቫ በማኅበራችን ዓመታዊ የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ማይክሮፎኑን የያዘው አንድ ሰው ቢሆንም የምንናገረው በአምስታችን ስም ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በማትናሱ ትንሿ ክፍል ተሰብስበን የሰው ኮምፒውተር የምንፈታታው ልጆች እኛ ነን። አዘጋጆቹ «እስቲ ስለምትሠሩት ነገር ንገሩን» ስላሉን ዛሬ ስለ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በተለይም ስለ ሆዱ፣ ስለ ሃርድ ዲስኩ እናወራለን። ወላጆች «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብላችሁ ቡና ልትጠጡ እንዳትወጡ። ጉዳዩ ከልጆቹ ይልቅ የእናንተ ነው።

በብዙዎቻችን ቤት ሳሎን ጥግ አንድ ነገር አለ። ዳንቴል የለበሰ፣ ላዩ ላይ የሠርግ ፎቶ የተደረደረበት፣ ከተከፈተ ዓመታት ያለፉት ኮምፒውተር። አባቶች «ይሠራል እኮ፣ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው» ይላሉ። ልጆች «ይጣል» ይላሉ። ውስጡ ምን እንዳለ ሁለቱም ረስተውታል። እኛ ግን ከፍተን ስላየን እንንገራችሁ፦ የባር ሚጽቫ ፎቶ አለ፣ የአጎት ሠርግ ቪዲዮ አለ፣ ከካሴት የተገለበጠ የማሲንቆ ዘፈን አለ፣ የቄስ ጸሎት አለ፣ ጎንደር ደርሶ የመጣ ዘመድ ያነሳው የመንደር ፎቶ አለ፣ ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በሱዳን መንገድ የቀሩ ሰዎች ስም አለ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርጽል ተራራ ላይ ስለ 4,000 ያህል ሰዎች ጸሎት ይደረጋል። የስንቶቹ ስም በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም።

ይህ ኮምፒውተር በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ አደጋ ይመጣበታል፤ ለፋሲካ ጽዳት። በኒሳን ወር መጀመሪያ በአሚሻቭም ሆነ በሌላው ሰፈር የቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያለውን እዩ፤ ፍራሽ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተር። ሳይጣል ከተረፈ ደግሞ «አልቴ ዛኸን!» እያለች በድምፅ ማጉያ የምትዞረው መኪና ትወስደዋለች። (ቃሉ ዪዲሽ ነው፣ «አሮጌ ነገር» ማለት ነው። የአምስታችንም እናቶች ዕብራይስጥ ነው ብለው ያምናሉ፤ ተከራክረን አላሸነፍንም።)

እሺ፣ ወደ ዲስኩ እንግባ። ሃርድ ዲስክ ማለት በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር፣ ማግኔት የተቀባ ሳህን ነው። ሳህኑ በጣም ትንንሽ ቦታዎች ተከፋፍሏል። በአሮጌዎቹ ዲስኮች አንዷ ቦታ፣ ሴክተር የምትባለው፣ 512 ባይት ትይዛለች። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንጽፈው የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚፈጅ፣ አንድ ሴክተር 170 ያህል ፊደል ይይዛል ማለት ነው፤ ከአንድ አጭር አንቀጽ አይበልጥም። 80 ጊጋባይት በሚባል ዲስክ ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ156 ሚሊዮን በላይ አሉ።

አሁን አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት አስቡ። 156 ሚሊዮን መደርደሪያ አለው። የእናንተ የሠርግ ቪዲዮ በአንድ መደርደሪያ አይበቃም፤ ተቆራርጦ በሺህ ቦታ ተቀምጧል። የቱ የት እንዳለ የሚያውቀው በሩ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያውቀው በእጁ ባለው ማውጫ ነው። ያ ማውጫና የአጻጻፉ ደንብ ነው «የፋይል ሥርዓት» የሚባለው። በዊንዶውስ 98 ዘመን የነበረው ፋት 32 ይባላል። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ በየቤቱ የተለመደው ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ነው። የፋት ማውጫ አሠራሩ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ስም አንድ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ «ቀጣዩ ቁጥር ይህን ያህል ላይ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተከተሉ መጨረሻው ላይ «አለቀ» የሚል ይገኛል። እንደ ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥርና የፋይሉ ስም ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ገጽ ላይ ይጻፋሉ። ይህን ልብ በሉልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስሕተት የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያው ውስጥ ዕቃ አለ፣ ማውጫው ላይ ግን ባለቤት የለውም። ወይም ሁለት ፋይል አንዱን መደርደሪያ «የኔ ነው» ይላሉ። ወይም ሰንሰለቱ መሃል ላይ ይቆረጣል። ዕቃው ሳይነካ ማውጫው ስለተበላሸ ብቻ ኮምፒውተሩ «የለም» ይላችኋል። ጸሐፊው ነው የታመመው፣ መዝገብ ቤቱ አልተቃጠለም።

ጸሐፊው ለምን ይታመማል? አብዛኛውን ጊዜ እየጻፈ ሳለ መብራት ስለሚጠፋበት ነው። በኛ ቤት ደግሞ መብራት የሚያጠፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ክረምት ነው። ማሞቂያው፣ የውኃ ዱዱና ምድጃው በአንድ ላይ ሲበሩ የአሮጌ ሕንጻ ኤሌክትሪክ አይችልም፣ ጠቅ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ሻዖን ሻባት ነው። ዓርብ ማታ ሰዓቱ ደርሶ መብራቱን ሲያጠፋ ኮምፒውተሩም በዚያው ሶኬት ከተሰካ አብሮ ድርግም ይላል። አንድ ልጅ ከሰንበት በፊት ጨዋታውን ሳይዘጋ ከተነሳ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ኮምፒውተሩ አፉ ውስጥ ጉርሻ እያለ ይታነቃል ማለት ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት እንዲህ የኖረ ዲስክ አይተናል፤ እስካሁን መቆየቱ ነው የገረመን። በዚህ ረገድ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ይሻላል። ሊሠራ ያሰበውን መጀመሪያ በማስታወሻ ጽፎ ነው የሚጀምረው፣ መብራት ቢጠፋ ማስታወሻውን አይቶ ማውጫውን ያስተካክላል። ፋት 32 እንዲህ ያለ ማስታወሻ የለውም። ያለው ሌላ ጥሩ ነገር ነው፤ ማውጫውን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ በሽታ አለ። እሱ የመደርደሪያው የራሱ መሰበር ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ቀለም ያረጃል፣ አንዳንድ ሴክተር አልነበብም ይላል። ይህኛው በቃል ምክር አይድንም፣ ቀን ባለፈ ቁጥርም ይብሳል። ሁለቱን በሽታዎች መለየት ነው ዋናው ነገር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። እኛ ዘንድ እንኳ አታምጡት፤ ያ ዲስኩን የሚያነበው ክንድ ስለተጎዳ ነው፣ ንጹሕ ክፍል ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚከፍተው። በዊንጭ ከፍቶ ማየት የሚያምረው አጎት በሁሉም ቤት አለ፤ እባካችሁ ከልክሉት። ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ይወራል። ያ ውኃ ያስቋጥርበታል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን ስለ አንድ ዲስክ እንንገራችሁ። ባለቤቷ ፈቅደውልናል፣ ስማቸው እንዳይጠራ ብቻ ጠይቀዋል።

ባለፈው ክረምት፣ ከሐኑካ በኋላ፣ አንዲት እናት ኮምፒውተር በገበያ ጋሪ እየጎተቱ መጡ። ዝናብ ነበር፣ ኮምፒውተሩን በነጠላቸው ጠቅልለውታል። ወንድማቸው በ2005 አባታቸውን አስቀምጠው፣ ማይክሮፎን ሰክተው፣ የሕይወት ታሪካቸውን በአሥራ አንድ ክፍል ቀድተዋል። አባትየው ከወገራ ተነስተው፣ ሌሊት ሌሊት በእግር ሄደው ሱዳን ገብተው፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ወራት ቆይተው፣ በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ የመጡ ሰው ናቸው። አሁን በሕይወት የሉም። ቅጂውም ሌላ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩን የከፈቱት ለልጅ ልጃቸው የሥር መሠረት ሥራ ብለው ነበር፤ በትምህርት ቤት ለባት ሚጽቫ ዓመት የምትሠራው «አቮዳት ሾራሺም» የሚሏት። ዲ የሚባለው ክፍል ሲከፈት «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንድ ቴክናይ ዘንድ ወስደውት «ዲስኩ ሞቷል፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ እጭንበታለሁ፣ ለልጆቹ ጥሩ ይሆናል» አላቸው። እሳቸው «ልጆቼን ላማክር» ብለው ይዘውት ተመለሱ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ሁሉንም ያዳነው።

«ፎርማት ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ከሚናገራቸው ነገሮች ሁሉ አሳሳቹ ነው። ጥያቄው ቢተረጎም «ማውጫውን ማንበብ አቃተኝ፣ ቀድጄ ባዶ ደብተር ልጀምር?» ማለት ነው። ስለ ዕቃው ምንም አያውቅም። በፈጣኑ ፎርማት ማውጫው ብቻ ነው የሚታደሰው፣ ዕቃው በአብዛኛው አለ፤ ሳይጻፍበት ከደረስንበት ተስፋ ይኖረዋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ሙሉው ፎርማት እያንዳንዱን መደርደሪያ በዜሮ ይሞላል። ከዚያ በኋላ እኛም፣ ላቦራቶሪም፣ ማንም ምንም አያደርግም። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቼክ ዲስክ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሰማያዊ ገበታ ላይ ጽሑፍ ይመጣና ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል። ቼክ ዲስክ ማውጫውን ከመደርደሪያው ጋር እያመሳከረ የሚያስተካክል ፕሮግራም ነው፤ በኤክስፒ ሦስት ደረጃ አለው፣ የተሰበሩ ሴክተሮችንም እንዲፈልግ ከታዘዘ አምስት ይሆናል። ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ አንሰድበውም። ግን የሚያስበው ለማውጫው ነው። የማይስማማ ነገር ካየ ሰንሰለቱን ይቆርጣል፣ ማውጫው እስከተስማማ ድረስ ለአባታችሁ ድምፅ ግድ የለውም። የሚያርመውም እዚያው ዲስክ ላይ እየጻፈ ነው። ጤናማ ዲስክ ላይ፣ ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ተገልብጠው ከሆነ፣ ተዉት ይሥራ፣ መሃል ላይ አታጥፉት። ዲስኩ የሚንገጫገጭ ወይም እጅግ የዘገየ ከሆነ፣ ቅጂም ከሌላችሁ፣ በአሥሩ ሰከንድ ውስጥ አንድ ቁልፍ ነክታችሁ አስቁሙት።

እና እኛ ምን አደረግን? መጀመሪያ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አወጣነው። የድሮ ዲስክ ስለሆነ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ያለው፣ አይ ዲ ኢ የሚባለው ነው፤ ወደ ዩ ኤስ ቢ የሚቀይር ማገናኛ አለን፣ ለብቻው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውም ያስፈልጋል። ቀጥሎ ጤናውን ጠየቅነው። እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱ የጤና ደብተር አለው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ሴክተር እንደተበላሸ ይመዘግባል። የዚህኛው ደብተር መጥፎ ነበር። ማውጫው ብቻ ሳይሆን መደርደሪያውም ታሟል።

ስለዚህ ሳንጠግን ገለበጥን። ሊኑክስ ላይ ዲዲ ሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሥራው ፋይል መፈለግ አይደለም፤ ስለ ማውጫው ምንም ሳይጨነቅ 156 ሚሊዮኑን ሴክተር ከአንድ እስከ መጨረሻው ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል። ብልሃቱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ የማይነበብ ቦታ ሲደርስ አይሟገትም፣ ዘሎ ያልፋል፣ ደህና ደህናውን መጀመሪያ ያወጣል። የታመመውን የሚነካካው በመጨረሻ ነው። የት እንደደረሰም በካርታ ይጽፋል። ደህናው ክፍል በአንድ ማታ አለቀ፤ ጥቂቱ መጥፎ ቦታ ግን ሌሎች ሌሊቶችን በላ። ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት አቆምነው፣ ቅዳሜ ማታ ከሐቭዳላ በኋላ ከካርታው ላይ ካቆመበት ቀጠለ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሰንበትን አስበው አይደለም፤ ለኛ ግን ልክ ሆነ።

በመጨረሻ ከ80 ጊጋባይቱ ያልተነበበው ከሁለት ሜጋባይት በታች ነበር። ስንሰማ ደስ አለን። ከዚያ ካርታውን አየን፤ ከጎደለው ውስጥ የተወሰነው የመጀመሪያው ማውጫ ላይ ነው፣ የተወሰነው ደግሞ «አባባ» የሚለው ፎልደር የስም ገጽ ላይ ነው። አንድ ሌባ ገብቶ ከመዝገብ ቤቱ የሚሰርቀውን መርጦ የሄደ ይመስላል።

ቅጂውን ሌላ ቅጂ አደረግንለት፤ አንዱ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ አንዱ እንዲሠራበት። የመጀመሪያው ማውጫ ቢቀደድም ፋት 32 ሁለተኛ እንዳለው ነግረናችኋል፤ ሁለተኛው ደህና ነበር፣ በቴስት ዲስክ ፕሮግራም በሱ ተካነው። አሁን ሰንሰለቶቹ ተመለሱ። የፋይሎቹ ስምና የመጀመሪያ ቁጥራቸው ግን የለም፤ ያ ገጽ አልተነበበም፣ ለሱ ደግሞ መጠባበቂያ የለውም። ያኔ ነው ቼክ ዲስክን በቅጂው ላይ፣ በቅጂው ላይ ብቻ፣ ያስነሳነው። ባለቤት ያጣውን ሰንሰለት ሁሉ ሰብስቦ «ፋውንድ ዜሮ ዜሮ ዜሮ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ከተተልን። የልጆቹ ስም በሙሉ ቁጥር ነው፤ ፋይል አንድ፣ ፋይል ሁለት እያለ ይሄዳል። ይህን ፎልደር ቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ አይታችሁት ከሆነ ቆሻሻ መስሏችሁ አታጥፉት። ስማቸው የጠፋ ልጆች ማደሪያ ነው።

ስም የሌለውን ፋይል ምን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? ፋይል መጀመሪያው ላይ ዓይነቱን የሚናገር ምልክት አለው፣ ፎቶ የፎቶ፣ ድምፅ የድምፅ። በዚያ ለየናቸው። ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹ ግማሻቸው ግራጫ ሆኖ ቀረ፤ የፎቶ ፋይል መሃሉ ከተጎዳ የታችኛው ክፍል አብሮ ይጠፋል። ድምፅ ግን እንደ እንጀራ ነው፣ ጥግ ቢቆረስ ሌላው ይበላል። ኤምፒስሪ የሚባለው ድምፅ ከብዙ ትንንሽ ቁራጮች የተሠራ ስለሆነ አንድ ቁራጭ ቢጎድል ዘሎ ይቀጥላል። ከአሥራ አንዱ ቅጂ አሥሩ ተገኙ።

ግን የትኛው የቱ ነው? እዚህ ላይ ኮምፒውተር አይረዳም። እናትየዋን ጠራናቸው። ሦስት ማክሰኞ እየመጡ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ ፋይል በፋይል አዳመጡ። እኛ አናዳምጥም፤ ይህ ደንባችን ነው፣ የምንገለብጠውን የሰው ነገር ባለቤቱ ካልፈቀደ አንከፍትም። እሳቸው ግን ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ማዳመጫውን ነቅለው «እናንተም ስሙ» አሉን። አምስታችንም አማርኛ እንሰማለን እንላለን፤ የአባትየውን አማርኛ ግን እሳቸው እየተረጎሙልን ነው የገባን። ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይስሉና «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እናትየዋ የቅጂዎቹን መጀመሪያ ያወቁት በዚያች ሳል ነው። ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጻፉልን፣ እኛ ስም ሰጠናቸው፤ «አንድ፣ ከወገራ መነሳት»፣ «ሁለት፣ የሌሊት መንገድ» እያልን።

ስድስተኛው ላይ አባትየው ኡም ራኩባ የቀበሯቸውን ሰዎች በስም ይቆጥራሉ። ዝግ ብለው፣ አንዱን ስም ከነአባቱ ይሉና ትንሽ ያርፋሉ። መሃል ላይ ድምፁ ብጥስ ብሎ እንደገና ይመጣል። ቀዳዳው ሠላሳ ሁለት ሴክተር ነው፣ 16 ሺህ ባይት ገደማ፤ በዚያ ድምፅ ጥራት አንድ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። አንድ ሰከንድ ለአንድ ሰው ስም ትበቃለች።

ወደ ታመመው ዲስክ ተመልሰን ያንኑ ቦታ ብቻ እንዲሞክር ዲዲ ሬስኪውን ሌላ ሌሊት አዘዝነው። ሁለት ሴክተር ሰጠን፤ ከነሱ የወጣው የአንድ ፊደል ጅራት ብቻ ነበር። እናትየዋ ለወንድማቸው ደወሉ፣ እሳቸውም አላስታወሱትም። ከዚያ ናታኒያ ለሚኖሩ አክስታቸው ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛችን ላይ ነበር። አሮጊቷ ከፊቱ ያለውን ስምና ከኋላው ያለውን ስም ካስነገሩ በኋላ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንድ የሕፃን ስም ጠሩ። የማን ልጅ እንደነበረም ነገሩን። ከድምፁ ጋር አንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጠን፣ በስንተኛው ደቂቃ ላይ ማን እንደጎደለ ጻፍንበት። ስሙን እዚህ አንጠራውም፣ የቤተሰቡ ነው።

አሥራ አንደኛው ቅጂ አልተገኘም። ፈልገን አጣነው።

ከዚህ ዲስክ ሌላ በብዙ ቤት የምናየው አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳንናገር ብንወርድ አባቶች ይቀየሙናል። «የጻፍኩት ሁሉ ተበላሽቷል፣ የፈረንጅ ፊደል ሆኗል» ይሉናል። አልተበላሸም! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር፣ ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚጽፈው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ በፎንቱ ብቻ ነው አማርኛ የሚያስመስሉት። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ነው፣ አይታወቅም። የድሮውን ፎንት ስንጭንበት ተመልሶ ይነበባል፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ እንቀይረዋለን። እንዲህ ብለን የአንድ አባት የሃያ ዓመት ደብዳቤዎች አውጥተናል። እሳቸው እኮ «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት» ተብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ልጆች፣ እናንተን ደግሞ ስለ ስልክ። «እኔ ሁሉም ነገር ስልኬ ላይ ነው» ትላላችሁ። ስልኩ ባሕር ሲገባ እናያለን። የአያታችሁን ድምፅ በዋትሳፕ የተቀበላችሁ፣ ያን ድምፅ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ። ቤተሰባችን ከናታኒያ እስከ ቤር ሼቫ መበተኑ አንድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዲስኩ አክስት ቤት ይቀመጥ። የብራና ኦሪት መቶ ዓመታትን ይቆያል፤ ይህ ዲስክ አሥር ዓመት ከቆየ አመስግኑት፣ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ይገልበጥ። ፋይሉንም ስታስቀምጡ ስም ስጡት። ወላጆች፣ ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ ይጻፍ፣ እናንተ ንገሩት።

እኛ ማክሰኞ ከሰባት ሰዓት ማታ ጀምሮ (በእስራኤል አቆጣጠር) በማትናሱ ሁለተኛ ፎቅ አለን። አንከፈልም። ዲስኩ የሚቀዳበት ባዶ ዲስክ ግን የራሳችሁን አምጡ፣ ከአሮጌው የሚበልጥ ይሁን። ኮምፒውተሩን ከማምጣታችሁ በፊት «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አትክፈቱት። መሸከም ካቃታችሁ ደውሉልን፣ ከመካከላችን መኪና ያለው አንድ አለ፤ በቤንዚን እያማረረ ይመጣል። ሞኒተሩን ቤት ተዉት፤ ከባድ ነው፣ አያስፈልገንምም።